ከመሀል ከተማ ወደ ቦሌ ኤርፖርት፦ በምን እንሂድ? ስንት ሰዓት ላይ እንነሳ?

ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ ኤርፖርት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሜክሲኮ 7፣ ከፒያሳ 10፣ ከመርካቶ ደግሞ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ኤርፖርቱ እንዲህ ከተማው ውስጥ መሆኑ ትልቅ ምቾት ነው፤ ሰው የሚሸወደውም በዚሁ ቅርበት ነው። «ቦሌ እኮ ነው» ይባልና ሻንጣው ሳይዘጋ፣ ሽሮው ሳይመዘን፣ ዘመድ ተሰናብቶ ሳይጨርስ ሰዓቱ ይሄዳል። ማታ መንገዱ ባዶ ሲሆን ከፒያሳ በ25 ደቂቃ የሚደረስበት ቦታ፣ ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ በምን እንደምትሄዱ ስትወስኑ መጀመሪያ ዋጋ አትጠይቁ። በረራው በየትኛው የቀን ክፍል እንደሆነና ስንት ሻንጣ እንደያዛችሁ ካወቃችሁ ምርጫው ራሱ ግልጽ ይሆናል።

ከሁሉም በፊት ትኬቱን አንብቡ። በዚህ ጉዳይ ላይ ደግሜ ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም፤ ከትራፊክ መጨናነቅ እኩል ሰው የሚያስቀረው የሰዓት አቆጣጠራችን ልዩነት ነውና። ትኬት ላይ የሚታተመው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 08:30 ማለት ጠዋት 2:30 ነው፤ 13:15 ከቀኑ 7:15፣ 22:45 ደግሞ ማታ 4:45። ከቁጥሩ 6 ቀንሱ፤ ውጤቱ 13:00 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና 12 ቀንሱ። ትኬቱ ላይ ያለው ከ07:00 በታች ከሆነ ደግሞ ሳትቀንሱ 6 ደምሩ፦ 00:30 ሌሊት 6:30፣ 02:10 ሌሊት 8:10 ይሆናል። «02:10» የሚለውን አይቶ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥር» ብሎ ያነበበ ሰው ኤርፖርት ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ሰዓታት አልፈዋል።

ከዚህ የሚብሰው የቀኑ ነገር ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር አዲሱ ቀን የሚጀምረው በእኛ ሌሊት 6:00 ላይ ነው። ትኬቱ «ረቡዕ ማርች 12፣ 00:30» ካለ፣ እኛ «ማክሰኞ ሌሊት» ወይም «ለረቡዕ አጥቢያ» የምንለው ሰዓት ነው። ኤርፖርት መገኘት ያለባችሁ ማክሰኞ መጋቢት 2 ማታ 3:30 ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣ ጭኖ የሚመጣ ሰው በረራው ያለፈው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ እስያና ወደ አረብ አገሮች የሚነሱ ብዙ በረራዎች በዚሁ በማታ 4:00 እና በሌሊት 7:00 መካከል ስለሚከማቹ ስህተቱ ብዙ ሰው ያገኛል። ትኬት የቆረጠላችሁን ሰው «በእኛ አቆጣጠር ቀኑና ሰዓቱ መቼ ነው? ከቤት የምወጣውስ በየትኛው ቀን ማታ ነው?» ብላችሁ ጠይቁትና በራሳችሁ እጅ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከገጠር ወይም ከክልል ለሚመጣ ቤተሰብ በስልክ ስትነግሩም እንዲሁ አድርጉ፤ «ረቡዕ ነው» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ።

ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ለዓለም አቀፍ በረራ ከመነሻው 3 ሰዓት፣ ለአገር ውስጥ 2 ሰዓት ቀድሞ ተርሚናል በር ላይ መገኘት ጥሩ መለኪያ ነው። የዓለም አቀፍ በረራ ቼክ ኢን አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ይዘጋል። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ የሚነሳበት እንጂ እናንተ የምትደርሱበት አይደለም። ምሳሌ ልስጥ፦ በረራው 23:00፣ ማለትም ማታ 5:00 ይሁን። ተርሚናል በር ላይ ማታ 2:00 መድረስ አለባችሁ። መነሻችሁ ፒያሳ ከሆነ ደግሞ የምትጓዙት መንገዱ በሚብስበት ሰዓት ነው። ስለዚህ መኪናው 12:30 ላይ መንቀሳቀስ አለበት፤ መኪናው በር ላይ የሚቆመው 12:15፣ የሚጠራው 11:45 ነው። ሻንጣ ምሳ ሰዓት ላይ ተዘግቶ ያልቅ።

መጨናነቁ ጠዋት ከ1:00 እስከ 3:30፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10:30 እስከ ማታ 2:00 ድረስ ይጠነክራል። ዓርብ ማታ ከሌሎቹ ቀናት ይብሳል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዶፍ ከወረደ ከላይ ባለው ስሌት ላይ 30 ደቂቃ ጨምሩ፤ መንገዱ ውሃ ከመያዙም ሌላ መኪና የሚፈልገው ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚበዛ ሹፌር ማግኘት ራሱ ጊዜ ይፈጃል።

አሁን ወደ መጓጓዣው። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ለያዘ ሰው፣ ልጅ ወይም አዛውንት ላለበት ቤተሰብ፣ በማታ ለሚነሳ ሁሉ በመተግበሪያ ወይም በስልክ የሚጠራ ታክሲ ከሁሉ ይሻላል። ኢንተርኔት ባይኖራችሁም ይቻላል፤ የራይድ ታክሲ ጥሪ ማዕከል 8294 ነው፤ መነሻና መድረሻችሁን ነግራችሁ መኪና ይመደብላችኋል። ስማርት ስልክ ለሌላት እናት መኪና ስትጠሩም ይኼው ይሠራል።

የሚበላሸው ግን ብዙ ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው የመነሻ ነጥብ ነው። ከተማችን በቤት ቁጥር የምትገኝ ስላልሆነች መተግበሪያው ካርታው ላይ የሚያስቀምጠው ምልክት ከግቢያችሁ ጀርባ ያለ ሌላ ቅያስ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሹፌሩ እዚያ ቆሞ ይደውላል፤ እናንተ እዚህ ቆማችሁ ትደውላላችሁ፤ 15 ደቂቃ እንዲሁ ያልቃል። ስለዚህ ከቤት ሳይሆን ሁሉም ከሚያውቀው ቦታ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከባንክ ወይም ከማደያ በር ጥሩ። ሁለተኛው መኪናው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ቪትዝ ብዙ ነው፤ ከቪትዝ ኋላ ባለ 23 ኪሎ አንድ ትልቅ ሻንጣ ይገባል፤ ሁለተኛው የኋላውን ወንበር ይወስዳል። ሁለት ሻንጣና ሦስት ሰው ከሆናችሁ ሰፊ መኪና እንደምትፈልጉ ስትጠሩ ተናገሩ፤ ሹፌሩ ሲደውልም «ሁለት ትልልቅ ሻንጣ አለ» በሉት። መንገድ ዳር ሻንጣው አልገባም ብሎ ሌላ መኪና መፈለግ በዚያ ሰዓት ከባድ ነው።

ሦስተኛው፣ ሹፌሩ መድረሻችሁን ከሰማ በኋላ መቅረቱ ነው። በመጨናነቂያ ሰዓት ቦሌ ሄዶ መመለሱ ጊዜውን ስለሚበላበት አንዳንዱ ጉዞውን ይሰርዛል፤ አንዳንዱ ደግሞ «መተግበሪያውን ዘግተን በዋጋ እንስማማ» ይላል። ጉዞው በመተግበሪያው ካልተመዘገበ ማን እንዳጓጓዛችሁ የሚያሳይ ነገር የለም፤ ሻንጣ ወይም ስልክ ቢረሳ መፈለጊያ የላችሁም። እምቢ በሉና ሌላ ጥሩ። ለዚህ ነው ከመነሻችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ጥሩ የምለው። ከመሳፈራችሁ በፊት የታርጋውን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ከተላከላችሁ ጋር አመሳክሩ። ክፍያው ከኪሎ ሜትር በተጨማሪ በቆማችሁበት ጊዜም ስለሚጨምር፣ መጀመሪያ ካሳያችሁ ግምት በላይ ብር ያዙ። ከውጭ የመጣችሁ ከሆነና ብራችሁን ጨርሳችሁ የምትወጡ ከሆነ የታክሲውን ሂሳብ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በቴሌብር እከፍላለሁ ካላችሁም ሹፌሩ እንደሚቀበል ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ኮንትራት ታክሲ፣ ማለትም ቢጫው ወይም የሰፈሩ ሰማያዊ ላዳ፣ ለአንድ ነገር አሁንም ተመራጭ ነው፦ ለንጋት በረራ። የባሕር ዳር፣ የጎንደር ወይም የመቀሌ በረራ 06:30 ላይ ቢሆን በእኛ ንጋት 12:30 ነው። ሌሊት 10:30 ተርሚናል መድረስ አለባችሁ። በዚያ ሰዓት ሚኒባስ ገና አልወጣም፤ በመተግበሪያም በቅርብ ያለ መኪና ላይገኝ ይችላል። የሰፈራችሁን ሹፌር የምታውቁት ከሆነ ግን ከዋዜማው ቀጠሮ ይዛችሁ፣ ዋጋውን ቁርጥ አድርጋችሁ ተነጋግራችሁ ታድራላችሁ። «የተስማማነው ለመኪናው በሙሉ ነው፤ ሻንጣ ተብሎ የሚጨመር የለም» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጨርሱ። አንድ ጥያቄ ግን አትርሱ፦ «ነዳጅ ቀድተሃል?» ማደያ ላይ ሰልፍ በሚበዛበት ሰሞን ሌሊት 9:30 ላይ መጥቶ «ትንሽ እንቅዳ» የሚል ሹፌር በረራችሁን ይዞባችሁ ሊሄድ ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ከሆነም ማታውን ቻርጅ ይደረግ። ቀጠሮው 9:45 ከሆነ 9:15 ደውሉለት፤ ካላነሳ በ8294 ሌላ ለመጥራት ጊዜ ይኖራችኋል።

ሚኒባስን አትናቁት። አንድ የጀርባ ቦርሳ ወይም ትንሽ ሻንጣ ይዞ በቀን ለሚጓዝ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው፤ ዋጋውም ከኮንትራቱ ጋር አይወዳደርም። ከፒያሳ፣ ከሜክሲኮ፣ ከስታዲየም፣ ከመገናኛ «ቦሌ! ቦሌ!» የሚል ረዳት ይገኛል። ማወቅ ያለባችሁ የመጀመሪያው ነገር ሚኒባሱ ኤርፖርት ግቢ እንደማይገባ ነው። መጨረሻው ቦሌ ድልድይ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወደ ተርሚናሉ በእግር 15 ደቂቃ ያህል መድቡ። ሻንጣችሁ ጎማ ካለው የእግረኛ መንገዱ ይመቻል።

ሁለተኛው፣ በመጨናነቂያ ሰዓት መስመሩ ይቆረጣል። ከፒያሳ ቀጥታ ቦሌ የሚሄደው ታክሲ «ስታዲየም ብቻ» ብሎ ይጭናል፤ እዚያ ያወርዳችሁና ሌላ ሰልፍ ትይዛላችሁ። ረዳቱ ሁለት አጭር ጉዞ ከአንድ ረጅም ጉዞ የተሻለ ስለሚያስገባለት ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት «ቦሌ ድልድይ ድረስ ነው?» በሉ። ሦስተኛው ሻንጣ ነው፦ መተላለፊያ ላይ የቆመ ሻንጣ ለሚወርዱት ሁሉ እንቅፋት ስለሚሆን ረዳቱ የአንድ ሰው ሂሳብ ይጠይቃል። ልክ ነው፤ ቦታ ይዛችኋልና። ከመነሻው ተራ ላይ ከተሳፈራችሁ የኋላውን ወንበር ያዙና ሻንጣውን አጠገባችሁ አድርጉ፤ ወራጅ አይረብሻችሁም። ዝርዝር ብር ያዙ።

በሚኒባስ ለመሄድ ከወሰናችሁ ከላይ ባለው ስሌት ላይ ሌላ 40 ደቂቃ ጨምሩ፦ ለሰልፉ፣ ታክሲው እስኪሞላ፣ ለእግር መንገዱ። ከማታ 1:00 በኋላ ፓስፖርትና ገንዘብ ይዞ በሚኒባስ መሄድን አልመክርም፤ በጨለማ፣ በግርግር መሀል ሻንጣና ኪስ አንድ ላይ መጠበቅ ይከብዳል።

ስለ ባቡሩ በአጭሩ። በ2008 ዓ.ም. መባቻ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ኤርፖርት አይደርስም። ከአያት ወይም ከሲኤምሲ የሚመጣ ሰው መገናኛ ወርዶ የቦሌ ታክሲ መያዝ ይችላል፤ ከጦር ኃይሎች ወይም ከልደታ የሚመጣም ስታዲየም ላይ ወርዶ እንዲሁ። ባቡሩ የመኪና ሰልፍ አያቆመውም፤ ይህ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን ጠዋትና ማታ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ትልቅ ሻንጣ ይዞ ደረጃ መውጣትና መግባት አይታሰብም። ለጀርባ ቦርሳ ብቻ።

ሆቴል ያረፋችሁ ከሆነ የሆቴሉን መኪና ጠይቁ። በቦሌና በካዛንቺስ ያሉ ብዙ ሆቴሎች እንግዳቸውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ኤርፖርት ያደርሳሉ፤ መኪናው በተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚወጣ ሊሆን ስለሚችል ግን ስም ከዋዜማው አስመዝግቡ።

በምንም ሂዱ በምን፣ መንገዱን እወቁት። ዋናው ከመስቀል አደባባይ በፍላሚንጎ፣ በኦሎምፒያ፣ በወሎ ሰፈር፣ በፍሬንድሺፕ አድርጎ ቦሌ ድልድይ የሚደርሰው የአፍሪካ ጎዳና ነው። የአገር መሪ ሲመጣና ሲሄድ የሚዘጋውም እሱ ነው። በተለይ በየካቲት መጀመሪያ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሲካሄድ በቀን ብዙ ጊዜ ይዘጋል፤ ለስንት ደቂቃ እንደሚዘጋ አስቀድሞ የሚነግራችሁ የለም። መስቀል አደባባይ ደግሞ መስከረም 16 ለደመራ፣ በመስከረም መጨረሻ ለኢሬቻ፣ በኅዳር ለታላቁ ሩጫ ይዘጋል። ጥር 10 እና 11 ታቦታት ሲወጡና ሲገቡ መንገድ በየአቅጣጫው ይቆማል። የሠርግ ሰሞን ቅዳሜና እሑድም የሙሽራ አጀብ ቦሌ መንገድን ያዘገያል። በእነዚህ ቀናት በረራ ያለው ሰው ዋዜማውን የትራፊክ ፖሊስን የተዘጉ መንገዶች ማስታወቂያ መስማት አለበት፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነገራል።

መውጫዎቹ እነዚህ ናቸው። ከፒያሳና ከአራት ኪሎ በካዛንቺስ፣ በኡራኤል፣ በአትላስ አድርጎ በቦሌ መድኃኔዓለም መውጣት፤ ይህ መስቀል አደባባይን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል። ከምሥራቅ በኩል ከመገናኛ በኢምፔሪያል አድርጎ በቀለበት መንገድ ቦሌ ድልድይ መድረስ። ከደቡብ ከሳሪስ አቦ በቦሌ ሚካኤል በዚያው በቀለበት መንገድ መምጣት። ከሜክሲኮና ከሳር ቤት በኩል ደግሞ በጎተራ አድርጎ ወሎ ሰፈር ላይ መግባት ይቻላል፤ ከወሎ ሰፈር በኋላ ግን ያው ቦሌ መንገድ ነውና ለመሪዎች የተዘጋ ቀን አይጠቅምም። ርቀቱ ሊጨምር ይችላል፤ በተዘጋ መንገድ ላይ ቆሞ ከመጠበቅ ግን ይሻላል። ሹፌራችሁ የሚሄድበትን ከመነሳቱ በፊት ጠይቁት፤ ስልኩ ላይ ካርታ ካለ የመንገዱን ቀይ መስመር አብራችሁ እዩ።

በር ላይ ስትደርሱ ጉዞው አላለቀም። መኪና ወደ ግቢው ሲገባ ፍተሻ አለ፤ ሰልፍ ካለ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ለሹፌሩ «ዓለም አቀፍ፣ ተርሚናል 2» ወይም «አገር ውስጥ፣ ተርሚናል 1» በሉት። ተርሚናል በር ላይ ፓስፖርትና ትኬት ይጠየቃል፤ ሻንጣ በማሽን ያልፋል፤ ጫማና ቀበቶ ይወልቃል። ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም። የአገራችን አሸኛኘት ሞቅ ያለ ነው፤ አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ የክርስትና ልጅ ሁሉ ይመጣል፤ ይህ ደግ ነገር ነው። ግን እቅፉና ምርቃቱ ቤት ይለቅ፤ አንድ መኪና ይበቃል። በሦስት መኪና ከተመጣ አንዱ በሌላው ይጠበቅና ተጓዡ ይዘገያል። ፓስፖርቱ፣ ቪዛውና ስልኩ በራሱ በተጓዡ ላይ ይሁን። «እኔ ልያዝልህ» ብሎ ቦርሳ የተቀበለ ሸኚ መኪናው ጋ ሲመለስ ፓስፖርቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሻንጣም ቤት ተመዝኖ ይምጣ፤ 23 ኪሎ የተፈቀደለት ሻንጣ 27 ሆኖ ከተገኘ ወለል ላይ ተከፍቶ በርበሬና ቆሎ መቀነስ ይጀመራል፤ በመንገድ ያተረፋችሁት ደቂቃ እዚያ ያልቃል።

እንዲያም ሆኖ ከዘገያችሁና መኪናው በፍሬንድሺፕና በቦሌ ድልድይ መካከል ከቆመ፣ የያዛችሁት ቀላል ከሆነ ወርዳችሁ በእግር ሂዱ፤ ከመኪናው ቀድማችሁ ልትደርሱ ትችላላችሁ። ከባድ ሻንጣ ካለ አትውረዱ፤ ይልቅ ገና ካልተዘጋ በስልክ የመስመር ላይ ቼክ ኢን አድርጉ። እንደማትደርሱ ከገባችሁ ደግሞ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ለአየር መንገዱ ወይም ትኬት ለቆረጠላችሁ ወኪል ደውላችሁ በረራው እንዲቀየር ጠይቁ። ሳይናገር የቀረ ሰው ላይ የሚጫነው ቅጣት ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ የመመለሻውና የተከታዩ በረራ ወንበርም አብሮ ሊሰረዝ ይችላል።